የትናንሽ መኪኖች ጎማ ሲሰፋ፦ ከፓራፋንጎው ሥር ያለው ልኬት

ሐተታ

አዲስ አበባን ጨምሮ በአገሪቱ ከተሞች በሚንቀሳቀሱ አነስተኛ የቤት መኪኖች ላይ ከፋብሪካ ከተገጠመው የሰፋ ጎማና ቸርኬ መግጠም የተለመደ ተግባር ሆኗል። ቶዮታ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላን የመሳሰሉ መኪኖች ጎማቸው ወርዱ ጨምሮ፣ ቸርኬያቸው በአሉሚኒየም ተተክቶና ጎማው እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ወጥቶ ይታያሉ። ለውጡን የሚያደርጉ ባለንብረቶች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች የተለያዩ ናቸው። አንዳንዱ የመኪናውን ውበት፣ አንዳንዱ በመታጠፊያ ላይ የሚያገኘውን መረጋጋት፣ ሌላው ደግሞ የመጀመሪያው የጎማ ልክ በገበያ አለመገኘቱን ይጠቅሳል።

ጉዳዩ የግል ባለንብረቶች ብቻ ተደርጎ የሚታይ አይደለም። በርካታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አነስተኛ አውቶሞቢሎችን ለሥራ ያሰማራሉ። የእነዚህን መኪኖች ጎማ የሚገዛ፣ የሚያስገጥምና ፈርሞ የሚረከብ ሠራተኛ አለ። መኪናውን በዓመታዊ ምርመራ የሚያይ ባለሙያም እንዲሁ። ስለሆነም የጎማ ልክ ጥያቄ የግዥ፣ የስምሪት፣ የንብረት አያያዝና የመንገድ ደኅንነት ጥያቄ ጭምር ነው።

ጥያቄውን ወቅታዊ የሚያደርጉት ሁለት የፖሊሲ ለውጦች ናቸው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባትን ቀድሞ ከነበረው ይልቅ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወቃል። የሁለቱ እርምጃዎች ድምር ውጤት ቀድሞ የገቡት የነዳጅ መኪኖች ለረዥም ዓመታት በአገልግሎት ላይ እንዲቆዩ የሚያደርግ ነው። ለረዥም ዓመታት የሚያገለግል መኪና ደግሞ ጎማው በተደጋጋሚ ይቀየራል፤ በእያንዳንዱ ቅያሪ ልኩ ከፋብሪካው ውሳኔ የመራቅ ዕድል አለው።

ሰፊ ጎማ መግጠም በራሱ ጥፋት አይደለም። አምራቾች ራሳቸው ለአንድ ሞዴል ከአንድ በላይ የጎማ ልክ ይፈቅዳሉ። ችግሩ የሚጀምረው ልኬቱ በተሳሳተ ቦታና ሁኔታ ሲወሰድ ነው። ባዶውን፣ ቆሞና መሪው ቀጥ ብሎ ሲታይ ምንም የማይነካ ጎማ፣ አምስት ሰው ተሳፍሮ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞና መኪናው በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲወርድ ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል።

የጎማው ጽሑፍ ምን ይናገራል?

በጎማ ጎን ላይ የሚነበበው ቁጥር የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። ለምሳሌ በያሪስ መኪኖች ላይ የሚገኘውን 175/65 አር 14 የሚለውን ልክ እንውሰድ። 175 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎማው ጎን ቁመት ከወርዱ 65 በመቶ መሆኑን ያመለክታል። 14 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። በዚህ ስሌት የጎማው አጠቃላይ ቁመት 583 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስህተት ወርዱን ብቻ ለይቶ መመልከት ነው። ባለንብረቱ ያንኑ ባለ 14 ኢንች ቸርኬ ይዞ 175ን ወደ 195 ሲያሳድግና 65 የሚለውን ቁጥር ሳይነካው ሲቀር፣ ጎማው የሚጨምረው ወርድ ብቻ አይደለም። የጎኑ ቁመት የሚሰላው ከወርዱ በመሆኑ አጠቃላይ ቁመቱ ወደ 609 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ይህ 4.5 በመቶ ገደማ ጭማሪ ነው። ጎማው በወርዱ 20 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ፣ ወደ ፓራፋንጎው ጣሪያም በ13 ሚሊ ሜትር ይቀርባል ማለት ነው።

በአንጻሩ ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ላይ 195/50 አር 15 ቢገጠም ወርዱ በተመሳሳይ 20 ሚሊ ሜትር ቢጨምርም አጠቃላይ ቁመቱ 576 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከፋብሪካው ልክ የሚለየው በ1.2 በመቶ ብቻ ነው። በሙያው ልማድ የቁመት ልዩነት ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ወርድ ሲጨምር የጎን ቁመት በመቶኛ መቀነስ አለበት።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውና የነዳጅ ሒሳቡ

የቁመት ልዩነት ውጤት በፓራፋንጎው ሥር ብቻ አይቀርም። የመኪናው የፍጥነት መለኪያና የኪሎ ሜትር ቆጣሪ የሚሠሩት ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ይህን ያህል ርቀት ይሄዳል ከሚል ቋሚ ግምት በመነሳት ነው። የጎማው ቁመት ሲለወጥ ግምቱ ይፋለሳል።

ከላይ የተጠቀሰው 195/65 አር 14 ሲገጠም ቆጣሪው 10,000 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ መኪናው በተጨባጭ 10,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል። መለኪያው 80 ሲያሳይም ትክክለኛው ፍጥነት፣ መለኪያው ከጅምሩ ትክክል ነበር ብንል፣ ወደ 84 ይጠጋል። በተቃራኒው ቁመቱ 556 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው 195/45 አር 15 ቢገጠም ቆጣሪው 10,000 ሲያሳይ የተኬደው 9,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የነዳጅ ኮታ የሚሰላው፣ የዘይት ቅያሪ ጊዜ የሚወሰነውና የአሽከርካሪው የጉዞ መዝገብ የሚመረመረው በቆጣሪው ንባብ ነው። ቆጣሪው የሄደበትን አሳንሶ ሲያሳይ አሽከርካሪው ነዳጅ አባክኗል ተብሎ ያለ ጥፋቱ ሊጠየቅ ይችላል። አብዝቶ ሲያሳይ ደግሞ እውነተኛ ብክነት ተሸፍኖ ያልፋል። የሁለቱም ምንጭ አንድ ቀን በጎሚስታ ቤት የተወሰነ፣ በመዝገብ ያልሰፈረ ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

ስፋቱ ወዴት ይሄዳል?

ጎማና ቸርኬ ሲሰፉ የተጨመረው ወርድ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ይሄዳል። ወዴት ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወስነው ኦፍሴት የሚባለው ቁጥር ነው። ኦፍሴት ቸርኬው በዳዶ የሚታሰርበት ገጽ ከቸርኬው ወርድ መካከለኛ መስመር በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ ያሳያል። አብዛኛውን ጊዜ በቸርኬው ላይ ኢቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ይጻፋል። ቁጥሩ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲበዛ ወደ ውስጥ ይገባል።

አንድ መኪና 5.5 ኢንች ወርድና ኢቲ 45 ያለው ቸርኬ ነበረው እንበል። በምትኩ 7 ኢንች ወርድና ኢቲ 35 የሆነ ቸርኬ ቢገጠም የውጭው ጠርዝ በ29 ሚሊ ሜትር ወደ ፓራፋንጎው ይወጣል። የውስጡ ጠርዝ ደግሞ በ9 ሚሊ ሜትር ወደ ሾክ አብዞርበሩ ይጠጋል። ከመርካቶው ሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ገበያ ያገለገለ ቸርኬ የሚገዛ ሰው ስለ ቸርኬው ዲያሜትርና ስለ ብሎን ቀዳዳዎቹ ብዛት ብቻ ጠይቆ ሊመለስ ይችላል። በፓራፋንጎው ሥር ያለውን ዕጣ የሚወስነው ግን ይህ ሦስተኛ ቁጥር ነው።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ የቸርኬው መካከለኛ ቀዳዳ ነው። በብዙ ትናንሽ የቶዮታ መኪኖች ይህ ቀዳዳ 54.1 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ለልዩ ልዩ መኪኖች እንዲሆኑ ታስበው የሚመረቱ ቸርኬዎች ግን ቀዳዳቸው ከዚህ የሰፋ ነው። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባበት ቸርኬው መሃሉን ስቶ ሊታሰርና መሪው በፍጥነት ጊዜ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ባለቤቱ ግን ጥፋቱን በባላንስ ጉድለት አሳቦ በተደጋጋሚ ገንዘብ ያወጣል።

ባዶ መኪናና የሞላ መኪና

የቪትዝ ዓይነት መኪኖች በጠባብ ፓራፋንጎና በአጭር የሞላ እንቅስቃሴ የተሠሩ ናቸው። የፊት ጎማቸው ከመሪው ጋር ስለሚዞር የሚነካው ብዙውን ጊዜ በፓራፋንጎው የኋላ ጠርዝ፣ በውስጠኛው የፕላስቲክ መከላከያ ወይም በባምፐሩ ጫፍ ላይ ነው። የኋላ ጎማቸው ግን አይዞርም። እርሱ የሚነካው ሞላው በጭነት ሲሟሽሽ፣ በፓራፋንጎው ወደ ውስጥ በታጠፈው ከንፈር ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ልዩነት የበለጠ ክብደት አለው። አነስተኛ መኪና በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚጓዘው ሞልቶ ነው። ቤተሰብ በሙሉ ተሳፍሮበት፣ ከኋላ ዕቃ ተጭኖበት፣ ለበዓል ወደ ክፍለ አገር ይሄዳል። በመንገዱ ላይ የተቦረቦረ አስፋልት፣ ኮብልስቶንና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ይገጥሙታል። በጎሚስታው ደጃፍ ባዶውን ሲታይ አንድ ጣት የምታስገባ ክፍተት በዚህ ጊዜ ትጠፋለች። የፓራፋንጎው ከንፈር የጎማውን ትከሻ በተደጋጋሚ ሲቆርጠው ምልክቱ ከውጭ አይታይም። ቁርጡ ወደ ውስጠኛው ሽቦና ጨርቅ ሲደርስ ግን ጎማው በረዥም መንገድ ላይ፣ በፍጥነትና በሙቀት ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል።

የመሸከም አቅምና የኤሌክትሪክ መኪኖች

ሰፊ ጎማ ሁልጊዜ የበለጠ ክብደት ይሸከማል የሚለው እምነት ስህተት ነው። ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የመሸከም አቅም መለያ ነው። 82 የሚለው መለያ አንድ ጎማ 475 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም ያመለክታል፤ 78 ደግሞ 425 ኪሎ ግራም ማለት ነው። 175/65 አር 14 በመለያ 82፣ 195/45 አር 15 ደግሞ በመለያ 78 ይመረታሉ። በመሆኑም ባለንብረቱ 20 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ በእያንዳንዱ ጎማ 50 ኪሎ ግራም ያነሰ የሚሸከም ጎማ ገጥሞ ሊሄድ ይችላል።

ይህ ነጥብ ለኤሌክትሪክ መኪኖች የበለጠ ትኩረት የሚሻ ነው። ባትሪያቸው ስለሚከብድ ተመሳሳይ መጠን ካለው የነዳጅ መኪና በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ግራም ሊበልጡ ይችላሉ። ለዚህም ነው አምራቾች ለብዙዎቹ ኤክስኤል የሚል ምልክት ያለበትን የተጠናከረ ጎማ የሚያዙት። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በቆመበትና የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ቁጥር በሚጨምርበት በአሁኑ ወቅት፣ ለቪትዝ የተለመደውን የጎማ አመራረጥ ወደ እነዚህ መኪኖች ማሻገር አደጋው ከፍ ያለ ነው። ሰፊ ጎማ በመንገድ ላይ የሚፈጥረው ተጨማሪ ሰበቃም በአንድ ኃይል መሙላት የሚኬደውን ርቀት ይቀንሳል።

ክረምቱና ኮብልስቶኑ

ሰፊ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ በመታጠፊያ ጊዜ የተሻለ መያዝ እንደሚሰጥ አይካድም። በክረምት ግን ሌላ ገጽታ አለው። የመኪናው ክብደት ሳይለወጥ ጎማው ሲሰፋ በፊቱ የሚገጥመውን ብዙ ውሃ ገፍቶ ማስወጣት ይኖርበታል። ስለዚህ ጥርሱ እኩል ካለቀ ጠባብ ጎማ ይልቅ ባነሰ ፍጥነት ውሃ ላይ ተንሳፎ አስፋልቱን ሊለቅ ይችላል። በዚያች ቅጽበት መሪም ፍሬንም አይታዘዙም።

የጎኑ ቁመት ያጠረ ጎማ ደግሞ ጉድጓድና የኮብልስቶን ጠርዝ ሲመታው የሚያበርድበት አየርና ጎማ ያንሰዋል። ምቱ ወደ ቸርኬው፣ ከዚያም ወደ ኩሽኔታውና ወደ መሪው ክፍሎች ያልፋል። የተጣመመ ቸርኬ፣ ጎኑ ያበጠ ጎማና ያለጊዜው የሚጮኽ ኩሽኔታ የዚህ ውጤቶች ናቸው።

መፍትሔ ተብለው የሚሠሩ ሥራዎች

ጎማው መንካት ሲጀምር በየጋራዡ የሚወሰዱ እርምጃዎች አሉ። አንደኛው የፓራፋንጎውን ከንፈር ወደ ውስጥ ማጠፍ ወይም መቁረጥ ነው። በጥንቃቄና በሙቀት ካልተሠራ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ በተሰነጠቀው በኩል ውሃ ገብቶ ቆርቆሮውን ያዝገዋል። ሁለተኛው ጎማው ከውስጥ ሾክ አብዞርበሩን ሲነካ በቸርኬውና በመታሰሪያው ገጽ መካከል የብረት ማራቂያ ማስገባት ነው። ማራቂያው የውስጡን ችግር ወደ ውጭ ያስተላልፈዋል እንጂ አያስወግደውም። ከዚህም በላይ ዳዶው ብሎኑን የሚይዝበትን ርዝመት ያሳጥራል። ዳዶው ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል መያዝ ይኖርበታል፤ በ12 ሚሊ ሜትር ብሎን ላይ ከዚያ ያነሰ ሲይዝ ጎማው በጉዞ ላይ ሊለቅ ይችላል።

ሦስተኛው ሞላውን በጠንካራ መቀየር ወይም ከፍ ማድረግ ነው። ይህም የመኪናውን ምቾትና አያያዝ ይለውጣል። ሦስቱም እርምጃዎች ጎማውን ከመኪናው ጋር ከማስማማት ይልቅ መኪናውን ለጎማው ሲሉ የሚቀይሩ ናቸው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

የቪትዝ መገኛ በሆነችው ጃፓን ጎማ ከመኪናው አካል ወጥቶ መታየቱ በየጊዜው በሚካሄደው የግዴታ ምርመራ የሚጥል ጉድለት ነው። መለኪያውም የተወሰነ ነው። ከጎማው መካከል ተነስቶ ወደ ፊት 30 ዲግሪ፣ ወደ ኋላ 50 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ያለው የጎማና የቸርኬ ክፍል በፓራፋንጎ መሸፈን አለበት። እ.ኤ.አ በ2017 በተደረገ ማሻሻያ በቤት መኪኖች ላይ የጎማው ጎን ብቻ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ቢወጣ እንዳልወጣ እንዲቆጠር ተፈቅዷል። ቸርኬው ግን መውጣት አይችልም። የአውሮፓ ኅብረትም የፓራፋንጎ ሽፋንን የሚለካው በነዚሁ 30 እና 50 ዲግሪ መስመሮች ነው።

በጀርመን ያልተፈቀደ የጎማና ቸርኬ ለውጥ የመኪናውን የመንቀሳቀስ ፈቃድ እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ባለንብረቱ ለዚያ ሞዴል የተፈተነ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ያለው ቸርኬ መግጠም፣ እንደ ሁኔታውም በባለሙያ አስመርምሮ በመኪናው ሰነድ ላይ ማስፈር ይጠበቅበታል። የእነዚህ አገሮች አሠራር ለውጥን በጅምላ አይከለክልም። ለውጡ የት እንደሚለካና ማን እንደሚፈርምበት ግን በግልጽ ይወስናል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

በአገራችን የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲደረግላቸው ይደነግጋል። ሕዝቡ ቦሎ እያለ በሚጠራው በዚህ ሥርዓት መኪናው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ፊት ይቆማል። አጋጣሚው የጎማን ጉዳይ ለመቆጣጠር ምቹ ነው። ይሁንና ባዶ መኪናን መሪው ቀጥ ብሎ ማየት ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሰጥም። መሪውን በሁለቱም አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ማዞር፣ የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ገጽና የጎማውን ትከሻ በእጅ ባትሪ ፈትሾ የመፋቅ ምልክት መፈለግ ብዙ ጊዜም ገንዘብም አይጠይቅም። የተፋቀ ቀለምና የተላጠ ጎማ መኪናው ሞልቶ ሲሄድ የሆነውን ይመሰክራሉ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በኩል ደግሞ ሥራው ከግዥ መጠየቂያው ይጀምራል። "ጎማ 4 ፍሬ" ብሎ ብቻ የሚጽፍ መጠየቂያ ለአቅራቢው ሰፊ በር ይከፍታል። ወርዱ፣ የጎኑ በመቶኛ፣ የቸርኬው ዲያሜትር፣ የመሸከም አቅሙና የፍጥነት ምልክቱ ተሟልተው መጻፍ አለባቸው። መነሻው በአሽከርካሪው በር አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ የተለጠፈው የአምራቹ ሠንጠረዥ ወይም የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። የተፈቀደው ልክ በገበያ ጠፍቶ ሌላ መምረጥ ግድ ሲሆን፣ አዲሱ ልክ፣ የቁመት ልዩነቱና የተገጠመበት ቀን የቆጣሪ ንባብ በመኪናው ማኅደር ሊሰፍሩ ይገባል። ይህ ከተደረገ የነዳጅ ሒሳቡን ማረም የአንድ ማባዛት ጉዳይ ይሆናል። ስኮርታ ጎማውም መዘንጋት የለበትም። አራቱ ተቀይረው አምስተኛው በቀድሞው ልክ ከቀረ፣ በጉዞ ላይ ጎማ የተነፈሰበት አሽከርካሪ ቁመታቸው የተለያየ ጎማዎችን በአንድ አክስል ላይ ለማሠር ይገደዳል።

በርክክቡ ዕለት የሚደረግ አንድ ቀላል ሙከራም አለ። መኪናው በሚይዘው ልክ ሰው ተሳፍሮበት፣ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ተዞሮ በዝግታ በአንድ ጉብታ ላይ ቢያልፍ፣ በጎሚስታው ደጃፍ ያልታየው ሊሰማ ይችላል። ድምፅ ካለ ርክክቡ አይፈጸምም፤ ጎማው ይመለሳል።

በአገራችን በየዓመቱ በሺህዎች የሚቆጠሩ ወገኖች በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። የአደጋው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የጎማ ልክ ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ሜትርና ባትሪ የያዘ አንድ ሠራተኛ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሊከላከላቸው ከሚችሉት ጥቂቶች አንዱ ነው። አነስተኛ መኪኖቻችን ከቀድሞው ይልቅ ረዥም ዕድሜ እንዲያገለግሉ በሚጠበቅበት በዚህ ጊዜ፣ ጎማውን የሚመርጥ፣ የሚገጥምና ፈርሞ የሚረከብ ሁሉ መኪናውን ሞልቶ እንደሚሄድ አስቦ ሊለካው ይገባል።